አክስቴ የምታያቸው ሽማግሌዎች

ቆርቆሮው ድሮ የብስኩት ነበር። ክዳኑ ላይ የነበረው ሥዕል ተፍቆ አልቋል፤ አሁን ውስጡ ያለው የልብስ ቁልፍ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ መደርደሪያ ሳጸዳ አነሳሁትና ተንሿሿ። ቁልፍ ቁልፍ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ያ ደረቅ ድምፅ ሳላስበው ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር መልሶ አስቀመጠኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የስፌት መኪና ዘይትና የካውያ እንፋሎት የሚሸትበት ክፍል ውስጥ፣ አክስቴ አጠገብ፣ ቴሌቪዥን ፊት።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ምን መሰላችሁ? የፖከር ውድድር። አትሳቁብኝ። ዛሬ ሐኪም ተብዬ ጋውን የምለብሰው በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በአክስቴ ትዕግሥትና በቁማርተኞች ነው። ሥራ ቦታ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጆሃንስበርግ የመጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ከታናናሾቼ ጋር ሆሳዕና ቀርታለች። አባቴ ከከተማው ወጣ ባለችው ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው፤ የሚያድረውም እዚያው ከሱቁ ጀርባ ስለነበር ወደ እኛ የሚመጣው እሁድ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ናት። አክስቴ የመዘምራን ልብስ ትሰፋ ነበርና ክፍላችን ዓመቱን ሙሉ ሐምራዊና ነጭ ጨርቅ እንደሞላው ነው። እኔ በዚያ ዘመን ዝምተኛ ነበርኩ። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛው አልገራልኝ ብሎ ዝም፣ ቤት ስመለስ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ ዝም። አክስቴ "የዚችን ልጅ ምላስ ድንበር ላይ ቀምተዋታል" ትል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የስፖርት ጣቢያ የፖከር ውድድሮችን ይደግም ነበር። አክስቴ መኪናዋን ስትረግጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለማይሰማት፣ ቢሰማትም እንግሊዝኛ ስለማታውቅ፣ ድምፁን አጥፍታ ምስሉን ብቻ ታያለች። አሥራ ስድስት ዓመት በሞላኝ ሰሞን አንድ ቅዳሜ መኪናዋን አቆመችና "እነዚህ ሽማግሌዎች የያዙት ምን ጉዳይ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። በእሷ ዓይን ሳየው እውነቷን ነው። ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የሚስቅ የለም። መሀል ላይ ክራባት ያሰረ ሰው በሥርዓት ወረቀት ያድላል። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ረጅም ጊዜ ያስባል፤ ሌሎቹ ምንም ሳይሉ ይጠብቁታል። በእኛ አገር እንዲህ የሚቀመጥ ሰው ለሽምግልና የተቀመጠ ነው። ቁማር መሆኑን መናገር ነበረብኝ። ግን በቤታችን ካርታ የሰይጣን ዕቃ ነው፤ ቁማር ካልኩ ቴሌቪዥኑ ሊዘጋ ነው። ደግሞ ተንኮል አላጣሁም።

"የድንበር ጉዳይ ነው" አልኳት።

"ያ ክብ ክቡ ጠጠርስ?"

"ምስክር ነው። ብዙ ጠጠር ያለው ብዙ ምስክር አለው።"

"ታዲያ ያ ባለ ባርኔጣ ይሄን ሁሉ ምስክር ከየት አመጣው?"

"ዘመዶቹ ናቸው።"

"የዘመድ ምስክርማ አይቆጠርለትም" አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ጉዳይ ስፈጥር ከረምኩ። የውርስ፣ የጥሎሽ፣ ሰው ማሳ ውስጥ የገባ በሬ። ካርታውን ሸፍነው የሚያዩት ማስረጃ ስለሆነ ነው አልኳት። ሎድ ሼዲንግ የሚሉት ፈረቃ ደርሶ መብራት ሲጠፋ እንኳ አትለቀኝም። በመስኮቱ ብርሃን ዘርፍ እየቀመቀመች "እሺ፣ በሬው ለማን ተፈረደ?" ትለኛለች፤ እኔም ከታች የታክሲዎቹ ጡሩምባ እየጮኸ ፍርዱን ከራሴ አውጥቼ እጨርስላታለሁ። ካሜራው የየተጫዋቹን ካርታ ለተመልካች እንደሚያሳይ ያስተዋለች ቀን ደግሞ "እነሱ የጎረቤታቸውን አያዩም፣ እኛ ግን የሁሉንም እናያለን። ጌታም እኛን የሚያየን እንዲህ ነው" አለችኝ። አፈርኩ፤ ውሸቴን ግን አልተውኩም።

ከተጫዋቾቹ መካከል አንዲት ሴት ነበረች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ የምትለብስ።

"ሴትም ትሸመግላለች እንዴ?" አለች አክስቴ።

"እዚህ አገር ትሸመግላለች።"

"ደግ አገር ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላው ሁሉ ቀረና ዓይኗ እሷ ላይ ብቻ ሆነ። ሴትዮዋ ስታስብ ጠጠሮቿን በአንድ እጇ ለሁለት ከፍላ መልሳ ታዋህዳቸዋለች፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ እጇን ሳታይ። አክስቴም ከቆርቆሮዋ እኩል እኩል ቁልፎች መርጣ መለማመድ ያዘች። መጀመሪያ ሰሞን ቁልፍ ከአልጋ ሥር ስለቅም ነው የዋልኩት። ወር ሳይሞላ ለመደችውና ግራ እጇ ጨርቅ ሲገፋ ቀኝ እጇ ቁልፍ ያዋህዳል።

አንድ ቅዳሜ ሴትዮዋ ተሸነፈች። የነበራት ጠጠር ሁሉ ወደ ባለ ባርኔጣው ሄደ። እሷ ግን ብድግ አለችና ፈገግ ብላ ጠረጴዛውን እየዞረች ሁሉንም ጨበጠች፤ ያሸነፋትን ሳይቀር። ከዚያ ጃኬቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። አክስቴ መኪናዋን አቁማ እስክትጠፋ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት። "አየሻት? ተፈርዶባት እንኳ ጨብጣ ወጣች። የኛ ሰው ቢሆን ወንበር ገልብጦ ነበር የሚወጣው።"

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጨረሻው የትምህርት ዓመቴ ደረሰ። ሐኪም መሆን እፈልግ ነበር። ነጻ የትምህርት ዕድል ካላገኘሁ በስተቀር ከአዲስ ዓመት በኋላ የሚጠብቀኝ ቦታ ቶኮዛ፣ የአባቴ ሱቅ ፍርግርግ ጀርባ ነው። ሱቁን ንቄ አይደለም፤ ያበላኝ እሱ ነው። ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ስለ ራሴ የጻፍኩትን ጽሑፍ አያይዤ ያመለከትኩት ሁለት ቦታ ሲሆን የመጀመሪያው ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ።

ከፊቴ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ዛሬ መልካቸውን ንገሪን ብትሉኝ አላውቀውም። ምንጣፉን ግን አውቀዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ላይ የቀለም ጠብታ አለበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዳልተቀበሉኝ ሰማሁ። አስተማሪዬ ደውላ ብትጠይቅ "ጽሑፏ ግሩም ነው፤ ግን የራሷ ሥራ አይመስለንም። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችንም" አሏት።

ቤት ገብቼ ሐምራዊው ጨርቅ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አክስቴ "ለምን አላየሻቸውም?" አለችኝ።

"ትልቅ ሰዎች ናቸው እኮ።"

ትልቅ ሰው ፊት ዓይኔን እንድሰብር በቁንጥጫ ያስተማረችኝ እሷው ነበረች። ጨርቁን ከሥሬ ስባ አወጣች፤ እንባ ነክቶታል። "ሁለተኛው መቼ ነው?" አለች። "ከሦስት ሳምንት በኋላ" አልኳት። "ይበቃል" አለች።

በማግስቱ የስፌት ጠረጴዛውን ጠርጋ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የአባቴን አሮጌ ባርኔጣ አጥልቃለች፣ ጥቁር መነጽርም አድርጋለች። በእኔና በእሷ ፊት ቁልፍ ከመረች። "እያየሽኝ መልሺ። ሐኪም መሆን ለምን ፈለግሽ?" ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። መነጽሩን አውልቃ ደግማ ጠየቀችኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአክስቴን ዓይን በቀጥታ አየሁ። ቡናማ ነው፣ ግራው ውስጥ ትንሽ ነጠብጣብ አለበት። ሦስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት፤ ልጅ እንዲህ አይቷት ስለማያውቅ ፊቷ ቀላ። "አይዞሽ፣ እኔም እለምዳለሁ" አለችኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ያላሰብነው መጣ። አባቴ ሳይናገር ከቶኮዛ መጥቶ በሩን ከፈተ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፖከር፣ ጠረጴዛው ላይ የቁልፍ ክምር፣ እህቱ በባርኔጣ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። "እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይሄ እኮ ቁማር ነው።"

የአንድ ዓመት ውሸቴ ሊገለጥ ነው።

"አውቃለሁ" አለች አክስቴ።

ሁለታችንም አፈጠጥንባት። ወደ እኔ ዞረች። "ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ። ስትዋሺ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። ደግሞስ የት አገር ነው ሽማግሌ ጥቁር መነጽር አድርጎ የሚሸመግለው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ሌላ ጊዜ አታወሪማ። የዚያን በሬ ነገር ስትነግሪኝ ነው ድምፅሽን የሰማሁት።"

እኔ እያታለልኳት መስሎኝ፣ እሷ እኔን ለማናገር ስትል በገዛ ቤቷ አንድ ዓመት ሙሉ ስትታለል ከርማለች።

አባቴ አልበረደም። "ልጄን ዓይን አውጣ ልታደርጊያት ነው?"

"ለሦስት ሳምንት ብቻ ትሁን፤ ከዚያ እመልሳታለሁ" አለች። ቀጥላም "እነዚህ የሌላቸውን እንዳላቸው ሊያስመስሉ ይቀመጣሉ። ይቺ ግን ያላትን እንደሌላት አስመስላ ከቃለ መጠይቁ መጣች። እኔ የማየው ፊታቸውን ነው፤ ቁማሩ ለራሳቸው" አለችው።

አባቴ እንደቆመ ቴሌቪዥኑን አየ። ሊዘጋው ነው ብዬ ጠበቅሁ። በጣቱ እየጠቆመ "ያ ባለ መነጽር ምንም የለውም" አለ።

"በምን አወቅህ?" አለችው አክስቴ።

"የሱቄ መስኮት ጠባብ ናት። ከሰው የሚታየኝ ፊቱና እጁ ብቻ ነው። ይሄን ፊት አውቀዋለሁ።" ካሜራው ካርታውን ሲያሳየን ባለ መነጽሩ እውነትም ባዶ ነበር። አባቴ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ። ያን ቀን ከሰዓት ጠያቂዎቼ ሦስት ሆኑ። አክስቴ፣ አባቴ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወንበር ጀርባ ላይ የተሰቀለ የመዘምራን ልብስ፤ ባርኔጣው ተደፍቶለት። አባቴ ደንበኛ እንደሚቀበል በዙሉ "ሳውቦና ሲሲ" ብሎ ሰላም አለኝና በሱቅ እንግሊዝኛው አፋጠጠኝ። አክስቴ አንዲት ቃል ሳይገባት ትንፋሼን ትቆጣጠራለች። በያዝኩ ቁጥር ጠረጴዛውን በቁልፍ ታንኳኳለች።

በቀጠሮው ቀን ኪሴ ውስጥ ሁለት ቁልፍ ይዤ ገባሁ። መሀል ላይ የተቀመጠችው ሴት ፀጉሯ የሸበተ ነበር። ጽሑፌን አንስታ "ይህን የጻፈው ማን ነው?" አለችኝ። ምንጣፉ ሊጠራኝ ሞከረ። አየኋት። ተነፈስኩ። "እኔ ነኝ" አልኳት። እሷም አየችኝና ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። የዚያን ክፍል ምንጣፍ ቀለም እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ስንቱን ላመስግን? ያስተማሩኝን፣ ያበላኝን አባቴን። ግን በሕክምና ዓመታት፣ ታማሚ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር፣ ያ የቁልፍ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ክፉ ወሬ ስናገር ሰው ፊት አልሸሽም። ይህንን መጽሐፍ አላስተማረኝም።

ካቻምና በጥቅምት አክስቴን ሆዷን አመማት። የምሠራበት ሆስፒታል አስተኛኋት። አልጋዋ መስኮት አጠገብ ነበር፤ ውጭ የጃካራንዳው አበባ መንገዱን ሸፍኖታል። "ቀለሙ ለመዘምራን ይሆናል" አለችኝ፣ በዚያ ሕመም ላይ ሆና። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ። ባልደረባዬን እኔ ልንገራት ብዬ ለመንኩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ፊቴን አዘጋጀሁ፤ በዚያ ፊት ለብዙ ሰው ክፉ ወሬ ነግሬያለሁ።

ገብቼ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ትራሷን አስተካከልኩ። ስለ ምግቡ ጠየቅኋት። መድኃኒት እንቀይራለን አልኳት።

"ትንፋሽሽን ያዝሽ" አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ። የሆስፒታሉ ወለል ግራጫ ነው።

"ወለሉን አትይ የኔ ልጅ። እኔን እያየሽ ንገሪኝ።"

ቀና አልኩ። ያ ቡናማ ዓይን፣ ያ ነጠብጣብ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ምን እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ነጠላዋን ከአልጋው ራስጌ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ፈገግ አለች። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ።

ብድግ ብዬ፣ እንዳሳደገችኝ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ጨበጥኳት። ዓይኔን ግን ከዓይኗ አላነሳሁም።