ኦቦ ዋቅጅራን ልትገድል የነበረችው አልማዝ

ቅዳሜ ጠዋት የባሌ አባት ለመሞት ተሰናዱ።

እየቀለድኩ አይደለም። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሶፋው ላይ በአንድ ጎን ጋደም ብለው «ልጆቹን ጥሪልኝ» አሉኝ።

ኦቦ ዋቅጅራን ለማታውቁ... ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነቀምት ጊምቢ፣ ከጊምቢ ደምቢዶሎ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ግዙፍ ሰው ናቸው። «እኔ መርፌ ተወግቼ አላውቅም» ማለት ይወዳሉ። በሰፈራችን በከኒሳ ቀሴ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ እንግዳ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ነው። ቀኝ ጎናቸውን አቃጠላቸው። ኩላሊት ነው ተባለ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ የሚያቃጥል ቅባት ቀቧቸው፤ ጭራሽ ነደደ። በማግስቱ ያው ቦታ ቀልቶ፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ከጀርባቸው ወደ ሆዳቸው ተሰልፈው ወጡ። ሸሚዝ ሲነካቸው እንኳ ይጮኻሉ።

ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት አንዴ አየችና ፈረደች።

«ይቺማ አልማዝ ባለጭራ ናት! ሸረሪት ሸንታብዎት ነው። ወገብዎን ዞራ ጭራዋና ጭንቅላቷ ከተገናኙ... በቃ።»

«በቃ ምን?» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ።

ሴትዮዋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ሥራ ጭራ መጠበቅ ሆነ። እኔ ምራት ነኝና ገላቸውን አላይም፤ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። የሚያዩት አዴ ጫልቱ ናቸው። ችግሩ እሳቸው መነጽር «ያስረጀኛል» ብለው አያደርጉም።

«የት ደረሰች?»

«እምብርትህ ጋ ናት።»

«ጠዋትም እምብርቴ ጋ ነበረች እኮ!»

«ቆይ እስቲ... ዋቃዮ! በግራም ብቅ ብላለች!»

ኋላ ሲጣራ በግራ በኩል የነበረው ከተወለዱ ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ጥቁር ምልክት ነው። ግን እስኪጣራ ድረስ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር።

«አባ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ይሄ የሐኪም አይደለም። በዚህ በሽታ ላይ መርፌ ከተወጉ ወዲያው ነው የሚገድለው።»

እናም ያን ቅዳሜ ከከተማ ውጭ ላሉት ልጆቹ፣ ለባሌም ጭምር ደውዬ ስጨርስ «ሙራድንም ጥሪው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ጋሽ ሙራድ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምት ውስጥ በንግድ ያረጁ፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤት ናቸው። ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር በማንጎ ነው የተኮራረፉት። የጋሽ ሙራድ ማንጎ ቅርንጫፉን አጥር አሻግሮ ወደ እኛ ሲልክ፣ ኦቦ ዋቅጅራ አበባ እንዳንዠረገገ ቆረጡት። እኔ ወደዚህ ቤት ሳልገባ ነው ይህ የሆነው። ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ ሰላም አይባባሉም።

ጋሽ ሙራድ ግን ጠርቼ ሳልጨርስ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ከተፍ አሉ።

«አካም ጅርታ ዋቅጅራ?»

«መሄዴ ነው ሙራድ። ያን ቅርንጫፍ... በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

የጋሽ ሙራድ ዓይን እንባ ሞላ። «እኔስ በየሱቁ ስምህን በክፉ ሳነሳ መኖሬ? አንተም ይቅር በለኝ።» ተቃቀፉ። ማለቴ... ኦቦ ዋቅጅራ «ጎኔን! ጎኔን!» እያሉ ተቃቀፉ። አዴ ጫልቱ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ጋሽ ሙራድ እንባቸውን እየጠረጉ «ለመሆኑ ምንህን ነው ያመመህ?» አሉ። ሸሚዙ ሲገለጥ ጎንበስ ብለው አዩ... አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይቺን ነው? ይቺ እኮ አምና እኔን ይዛኝ ነበር!»

«አልሞትክም?» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

«አልሞትኩም። ግን እንደ አንተ ቤት ተቀምጬ ጭራ ስጠብቅ ከረምኩና፣ ቁስሉ ደርቆ እንኳ ሕመሙ ወራት አላስተኛኝም። ሐኪሙ ‹ምነው እንደወጣብህ ብትመጣ› ብሎ ተቆጣኝ። ተነስ!»

«መርፌ...»

«ክኒን ነው ሰውዬ! የሚዋጥ ክኒን!»

በሁለት በኩል ደግፈን ባጃጅ ውስጥ ከተትናቸው። በየጉድጓዱ ላይ ኦቦ ዋቅጅራ ይጮኻሉ፣ ጋሽ ሙራድ ባለባጃጁን ይሳደባሉ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አይታ «ልጅ ሆነው ገላ ላይ ውሃ የሚቋጥረው ጉድፍ ይዞዎት ነበር?» አለቻቸው። ይዟቸው ነበር። «ያኔ የገባው ቫይረስ ነው፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ አሁን ነቃ። ሸረሪት የለችበትም። ደግ አደረጉ ቶሎ መጡ፤ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው።»

ኦቦ ዋቅጅራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጭራዋስ?» አሉ።

«አባባ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ወጥታ እዚያው ትቀራለች። ብትዞርም መገናኘቷ አይገድልም። እኛ የምንፈራው ዓይን አካባቢ ስትወጣ ነው። አሁን ቁስሉ እስኪደርቅ ሕፃንና ነፍሰ ጡር እንዳይነካው።»

ኦቦ ዋቅጅራ ክኒናቸውን በሰዓቱ ዋጡ። አራስ ልጄንም ቁስሉ ደርቆ እስኪረግፍ በር ላይ ቆመው ብቻ አጫወቷት። አሁን ደህና ናቸው፤ አልፎ አልፎ ከሚወጋቸው በቀር።

ሌላ ጣጣ ግን መጣ... አልማዝን ድል የነሱ ሰው ተብለው ሰፈሩ ገላውን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። በቀደም አንዲት ሴት ክርኗ ላይ የሚቀረፈውን ነጭ ቅርፊት አሳየቻቸው። ያዩትን ሁሉ ሐኪም ቤት ነው የሚልኩት፣ እሷንም ላኳት። ሶሪያሲስ የሚባል ነው፣ አይተላለፍም፣ የሚቀባ አለው ተባለች። ተመልሳ መጥታ እጃቸውን ሳመች።

በረንዳችን ላይ ሁለት ወንበር ጨምረዋል። እኔ የምፈራው ነጭ ጋዋን እንዳያሰፉ ነው።