ናቲ ያለበትን ፊልም ፍለጋ፣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ

ወሬው የደረሰኝ እሑድ፣ ኦክላንድ ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን ወጥተን ፓርኪንጉ ላይ ስንሳሳም ነው። አንዲት እህት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «ወንድምሽ ናቲ ፊልም ላይ ወጣ አሉ፤ ያውም የብልግና፣ ራቁቱን ከሆነ ሰው ጋር» አለችኝ። ናቲ የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ሽማግሌዎቹ በወሩ መጨረሻ ተሰብስበው ከአገልግሎት ሊያግዱት እንዳሰቡም ነገረችኝ።

ቀበቶው ላይ በሚይዛት መጥሪያ፣ በፔጀሩ፣ ጥሪ ትቼለት መልሶ ሲደውል ጠየቅሁት፤ ሳቀ። «ሆቴል ውስጥ ቁልፍ የሚሰጥ ሰው ሆኜ ነው እትዬ፤ አንዴ ብቅ ብዬ እጠፋለሁ። እኔን ከምትጠይቂኝ ሂጂና እይው።»

በዕድሜዬ ሲኒማ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊልሙ ኦክላንድ መታየቱን ካቆመ ሰንብቷል፤ ሳን ሆዜ አንድ አዳራሽ ብቻ ቀርቶታል፣ እዚያም ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነው።

ቅዳሜ፣ ሊነጋጋ ሲል

ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ታክሲያቸውን አሙቀው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው ሚልፒታስ ፋብሪካ የጠዋት ሺፍት ስላላቸው እግረ መንገዳችንን እናደርሳቸዋለን። ሳን ሊያንድሮን ስናልፍ ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ፍሪዌዩ ላይ የሚበዛው የጭነት መኪና ነው።

«ሽማግሌዎቻችሁ ቢያዩሽስ?» ይሉኛል ጋሽ ታደሰ።

«ለናቲ ነው የምሄደው፣ ጋሽዬ።»

«እኔ ደግሞ ለፊልሙ!»

ባለቤታቸው ከፊት ሆነው፣ «በዐቢይ ጾም! ኧረ እፈር፣ አንተ ሰውዬ» አሉ።

ጠዋት፣ ሚልፒታስ

መስኮት አልባ ዝርግ ሕንፃዎች፤ የመታወቂያ ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች። ባለቤታቸውን አድርሰን፣ አዳራሹ እስኪከፈት ዶናት ቤት ተቀመጥን። ጋሽ ታደሰ ሻጯን «እንቁላል አለው?» ብለው ጠየቁ፤ አለው ስትላቸው ጥቁር ሻይ ብቻ ያዙ።

«ፊልሙስ?» አልኳቸው።

«ፊልም አያስገድፍም፤ እንቁላል ነው የሚያስገድፈው።»

ቀትር፣ ሳን ሆዜ

አዳራሹ ይቀዘቅዛል፤ ቅቤ የተቀባ ፈንዲሻ ይሸታል። በልቤ ጸለይኩ፤ መብራቱ ጠፋ።

ታሪኩ አንድ ጸጉሩን ያስረዘመ የሮክ ዘፋኝ ሕዝብ እየጠበቀው ከኮንሰርት ጠፍቶ፣ ከልጅነት ጓደኛው ጋር በአሮጌ መኪና ከከተማ ከተማ ሲንከራተት ነው። መጠጡ ብዙ፣ ስድቡ ከመጠጡ የበዛ። ሻሼን ፈትቼ ያዝኩ፤ ነገሩ ሲብስ ዐይኔን እሸፍናለሁ፣ ሲረግብ እገልጣለሁ። ጋሽ ታደሰ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

ድንገት ናቲ! ክራቫት አስሮ፣ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ። ደስታም ድንጋጤም ሆነብኝ። ወዲያው ዘፋኙ ሊፍቱ ውስጥ ራቁቱን ብቅ አለ። ምን ላድርግ? ሸፈንኩ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከኋላችን የሴት ድምፅ፣ በጥሩ አማርኛ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ! ተባረክ!» አለ። ስገልጥ ናቲ የለም፤ መኪናው ሌላ ከተማ ገብቷል።

«ምን አደረገ? ጋሽዬ፣ ምን አደረገ?»

«ፊቱን አዙሮ፣ ኮቱን አውልቆ አለበሰው! አላየሽም እንዴ? ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ?»

መብራት ሲበራ ዞር አልኩ። ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው በጎን በር ሲወጡ ጀርባቸውን ብቻ አየሁ።

ማምሻውን፣ ቤት

ለሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «እህቴ፣ አንቺ በዐይንሽ አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም፤ እንዴት ልዋሽ? «እንግዲያው ሁለት ምስክር አምጪ» አሉ። ጋሽ ታደሰ ቀርበው ለመናገር ፈቅደዋል። ሁለተኛ የለኝም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ ያን ቀትር ከኋላችን የነበራችሁ እህቶቼ፦ ሲኒማ ቤት መታየታችሁ ካሳፈራችሁ፣ እኔም ገብቻለሁና ከጎናችሁ እቆማለሁ። እናንተ ዐይናችሁን አልሸፈናችሁም፤ ጌታን ስለዚህ አመሰግናለሁ። እባካችሁ፣ ከስብሰባው በፊት ኑና ልጁ ያደረገውን ተናገሩለት።