የእማማ ቀስ በሉ እጅ

ደንበኛ የእንቁላሉን ትሪ ገና ሲነካ «ቀስ በሉ!» ስለሚሉ የሰፈሩ ሰው እማማ ቀስ በሉ የሚል ስም አወጣላቸው። እሳቸውም አይከፋቸውም፤ ሲጠሩበት አቤት ይላሉ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ልጃቸውን ያሳደጉት እንቁላል ሸጠው ነው። እጃቸው ዕቃን እንደ እንቁላል በቀስታ ከመያዝ ልማድ ወጥቶ አያውቅም፤ በር ሲዘጉ እንኳ ድምፅ የለም።

በቀደም ግን አንድ ሙሉ ትሪ እንቁላል ከእጃቸው አመለጣቸው። ልጃቸው መሬት ላይ የተሰበረውን አየች።

«አለቀ፣ እማዬ! ጉልበትሽ ከድቶሻል። ነገ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ትመረመሪያለሽ፤ ደካማ ነሽ ከተባልሽ ሱቁን እንዘጋለን።»

እማማ ነገሩን አሰቡት። ያለ ሱቃቸው፣ ያለ ደንበኞቻቸው ወሬ፣ ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ሊያዩ ነው?

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ መያዣ ያለው፣ መርፌው የሚዞር መሣሪያ ሰጠቻቸው። «በዕድሜ ጡንቻ መሳሳቱን የምናይበት ነው፣ እማማ። ባለ በሌለ ኃይልዎ ይጨብጡት።»

ጨበጡት። መርፌው ነቅነቅ ብሎ ቆመ።

«አላልኩም?» አለች ልጅቷ። አለች እንጂ እሷም ደንግጣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ቆይ እንጂ!» አለች ነርሷ። «በአንድ ልኬት ማንም ደካማ አይባልም። አያያዝ ሲበላሽም ቁጥሩ ይወርዳል። ክርንዎን አጠፍ ያድርጉ፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ። አሁን ይድገሙት።»

ያው ሆነ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጣቶች አየች። ብረቱን የነኩት ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ነው።

«እማዬ! እንቁላል መሰለሽ እንዴ?»

«ቢሰበርስ? የሰው ዕቃ እኮ ነው!»

ነርሷ በሳቅ ፈነዳች። «አይሰበርም! ብርድ ልብስ አጥበው ሲጨምቁ እንዴት ነው?»

«እሱማ ሌላ ነው።» እማማ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ጨመቁት። መርፌው ሽው ብሎ ዞረ። ነርሷ አሳርፋ ደገመች፣ ሠለሰች፤ መርፌው እዚያው አካባቢ እየደረሰ ቆመ።

«አሁን አመንኩት። የእርስዎ ጉልበት ይኼ ነው። ደህና ነዎት።»

«ታዲያ ትሪው ለምን አመለጠሽ?» አለች ልጅቷ።

«ድመቷ እግሬ ሥር ገብታ ነዋ! ማን ጠየቀኝ?»

ሦስቱም ሳቁ። ሲወጡ እማማ የልጃቸውን እጅ ለቀም አድርገው ወደ ሱቃቸው መንገድ ጎተቷት።

«ኧረ አመመኝ! እማዬ፣ ቀስ በይ!»

«ተራመጂ! ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል» አሉ፤ እጇንም አልለቀቁም።