የሂልዳ ስቶባርት ሰኞ

ሂልዳ ስቶባርት ቡችላ የምትመርጠው በመጥበሻ ነው። ስትመርጥ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የቡችሎቹ ባለቤቶች አብዳለች ብለዋል። ቡችሎቹ ሳህኑ ላይ ተደፍተው መብላት እስኪጀምሩ ትጠብቅና፣ ከቤቷ በዘንቢል ይዛው የመጣችውን የብረት መጥበሻ ሲሚንቶው ላይ ትለቀዋለች። ቡችሎቹ ይበተናሉ። አንዱ በርሜል ኋላ ይወሸቃል፣ አንዱ እናቱ ሆድ ሥር ይገባል። እሷ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ቀድሞ ወደ ሳህኑ የተመለሰውን አንስታ ጉያዋ ውስጥ ትከተዋለች።

አባቷ አይዛክ ነው ያስተማራት። "ጭራሽ ያልደነገጠው ደደብ ነው፣ ደንግጦ የቀረው ፈሪ ነው፤ ደንግጦ የሚመለሰውን ውሰጂ" ይላት ነበር። ይሄ ለባልም ይሠራል ወይ ብዬ አንዴ ጠይቄያት፣ መጥበሻ ተለቆበት የሚመለስ ወንድ እስካሁን አላገኘሁም አለችኝ። ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ አላገባችም። ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ትልጣለች።

በዚህ ዓይነት ያገኘቻቸው ሁለት ውሾች አሏት። ኒፐር ቴሪየር የሚባለው የአደን ውሻ ዘር ነው፤ ትንሽ፣ ፀጉሩ እንደ በር መጥረጊያ የሻከረ፣ ደረቱ በሁለት እጅ ሲጨበጥ ጣት ከጣት የሚገጥም። ደረቱ ከዚያ ከሰፋ እሾህ ውስጥ አይገባም፣ ቢገባም አይወጣም። ፍሎ ደግሞ ዊፔት የሚባለው የሩጫ ውሻ ዘር ናት፤ እግሯ ክር፣ ሆዷ ጀርባዋ ላይ የተጣበቀ፣ አንድ ጆሮዋ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች። ሥራቸው ተካፍሎ ያለቀ ነው። ኒፐር ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ጥንቸሏን ያስወጣል፣ ፍሎ ውጭ ቆማ ትጠብቅና ሮጣ ትይዛለች። ከሁለቱ ከባዱ የፍሎ ነው። ሩጫው አይደለም፣ መጠበቁ ነው። ዊፔት መሮጥ የሚያስተምረው ሰው አይፈልግም፤ አለመሮጥን ለማስተማር ግን ሁለት ዓመት ይፈጃል።

በእኛ መንደር ወንዱ በሙሉ ከሰል ሊቆፍር መሬት ሥር ስለሚገባ፣ ዕረፍቱን ከመሬት በላይ የሚሮጥ ነገር ማየት ይወዳል። ዊፔት የሌለው ቤት የለም። ችግሩ ውሻው ሳይሆን ቦታው ነው። የገበሬ እርሻ ላይ ያለ ፈቃድ ከገባህ ሌባ ነህ፣ በፈቃድ ከገባህ ሰብሉን ከጥንቸል የምታድንለት ረዳት ነህ፤ ጥንቸሏ ግን ያቺው ናት። ፈቃድ ደግሞ ወረቀት የለውም። ገበሬው ራሱን ነቀነቀልህ ማለት ፈቃድ ነው። ገበሬው ሚስተር ዶድስ ለአይዛክ ራሱን የነቀነቀው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነበር። ከገብስ ማሳው በላይ ያለው ዳገት፣ እስከ እርሻ ቤቱ ጓሮ ድረስ፣ የዱር እንጆሪ እሾህ ብቻ ነው። ጥንቸል እዚያ ውስጥ እንደ ጉንዳን ነው።

አይዛክ መጋቢት ላይ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሚስተር ዶድስ ባርኔጣውን ይዞ ለሂልዳ ሐዘኑን ገለጸና፣ እዚያው ቆሞ እሾህ የሴት ቦታ አይደለም አላት። መኸሩ ሲያልቅ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለ።

ይሄ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። በዙሪያው ያሉት እርሻዎች የየራሳቸው ሰው አላቸው፤ አንዱ ካልሞተ ለሌላው ቦታ የለም። የዶድስ ዳገት ከሄደባት ኒፐርና ፍሎ ምድጃ ዳር የሚያንቀላፉ ድመቶች ሆኑ ማለት ነው። ሂልዳም ከድንችና ከድንች በቀር ቀን አይኖራትም። እሷ ግን በእነዚያ ወራት በሙሉ ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጣጭ ስትጥል ብቻ ጠንከር አድርጋ ትጥል ነበር።

ለፈቃዱ የቋመጠው ሲሪል ሃግ ነበር። ሲሪል ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ሦስት የብር ዋንጫ የደረደረ ሰው ነው፤ ሦስቱንም ያመጣለት ዱክ የሚባል ግራጫ ዊፔት ነው። ዋንጫው የጨርቅ ሩጫ ዋንጫ ነው። አንድ ሰው ውሻውን መነሻው ላይ ይይዛል፣ ባለቤቱ መድረሻው ጋ ቆሞ ነጭ ፎጣ ያውለበልባል፣ ውሻው ይለቀቅና በርሮ ሄዶ ፎጣው ላይ በጥርሱ ይንጠለጠላል። በቃ፣ ይሄው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ዱክን ይዤ የምለቀው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የማወራው ከተሸናፊው ወገን ሆኜ ነው፤ እወቁልኝ።

መስከረም ላይ ሲሪል እኔን አስከትሎ ሚስተር ዶድስ ጋ ሄዶ የኔን ውሻ ፍጥነት ያየ ገበሬ ሌላ አይፈልግም አለው። ሂልዳ ይህን ስትሰማ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ እዚያው ደረሰችብን። ሚስተር ዶድስ ሁለት ሰው በሩ ላይ ሲቆምበት ጨነቀውና፣ ሁለታችሁም አንድ ጠዋት አሳዩኝ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ብዙ የያዘ ፈቃዱን ይወስዳል አለ። ቀኑን እናንተ ምረጡ አለ።

ሲሪል አፉን ለመክፈት አልዘገየም። "ሰኞ" አለ። ሰኞ ሂልዳ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እንደምትውል ያውቃል። እኔን በክርኑ ነካ አደረገኝ።

"ሰኞ?" አለች ሂልዳ።

"ካልተመቸሽ ግድ የለም እህቴ፣ ድንቹም እኮ ሰው ይፈልጋል።"

እሷ ሰማዩን አየች። "ሰኞ ይሁን" አለች። "ነፋስ ያለበት ሰኞ ከሆነማ የበለጠ።"

ሲሪል መንገድ ላይ እስኪያስለው ሳቀ። ነፋስ ያለበት ትላለች፣ ጥንቸሎቹን ጉንፋን ልታስይዛቸው ነው እንዴ አለ። እኔም ሳቅኩ። ሰኞ ምን ቀን እንደሆነ በእኛ ቤት የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ናት።

ሂልዳ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ቀን ተቀያይራ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዳገቱ ሥር ደረሰች። ሲሪል ቆቡን አውልቆ ሴት ትቅደም አላት። እንደ ጨዋነት ያስመስለው እንጂ፣ ስንት መያዝ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ሂልዳ አታፏጭም፣ አትጮህም። ኒፐርን በጣቷ ወደ እሾሁ አመለከተችው፣ ገባ። ፍሎ ከቁጥቋጦው አሥር እርምጃ ርቃ አንድ እግሯን አንስታ ቆመች። ከውስጥ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እንሰማለን፤ ኒፐር ዝም ነው። ባዶ ቦታ ላይ የሚጮህ ቴሪየር ውሸታም ነው፣ ዊፔቷም ሁለተኛ አታምነውም። ኋላ አንዴ ብቻ ቀጭን ድምፅ አወጣ። ፍሎ ድምፁ ወደመጣበት አልሄደችም፤ ጥንቸሏ ወደምትወጣበት ወደ ላይኛው ጥግ ሄደች። ጥንቸሏ ስትወጣ ፍሎ እዚያ ነበረች። ሳታቆስል በሕይወት ይዛ አምጥታ ሂልዳ እጅ ላይ አስቀመጠቻት። ሂልዳ እንደ አባቷ በአንድ እጅ ጨረሰቻት። ጥንቸል የምትጸየፉ ካላችሁ ይቺን ቦታ ዝለሏት፤ እኛ በሽንኩርት ነው የምንበላት።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሰባት ጥንቸል ሣሩ ላይ ተደርድረዋል። ኒፐር አፍንጫው ደም በደም ሆኖ ጭራውን ይቆላል። ሚስተር ዶድስ ሰባቱንም በዱላው ጫፍ እየነካ ቆጠራቸው። ከዚያ እንደገና ቆጠራቸው።

የሲሪል ተራ ደረሰ። ከአጎቱ ልጅ የተዋሰው ሜጀር የሚባል ቴሪየር ይዟል፤ ደረቱ የቢራ በርሜል ነው። ሜጀር እሾሁ ውስጥ መግባት ቢያቅተውም ዳሩን እንደ በሬ እየገፋ ሲያጓራ፣ ዳር ዳር ላይ የነበሩት ጥንቸሎች ደንግጠው ወጡ። ዱክ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ የሚሮጥ ፍጡር አይቼ አላውቅም። አንዷን ሣሩ መሀል ያዛት። ሌላዋን አጥሩ ጋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምስት። ሦስት ቢጨምር ፈቃዱ የሱ ነው፤ አንድ ሙሉ ሰዓት ይቀረዋል። ሲሪል ወደ ሂልዳ ዞሮ ቢላውን ልሳልልሽ እንዴ፣ ነገ ድንቹ ይጠብቅሻል አላት።

ሂልዳ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ከፔርሙዟ ሻይ ትቀዳለች። ዱክንም አታይም፣ እሾሁንም አታይም። የምታየው የዶድስን ወጥ ቤት በር ነው። ነፋሱ ከምዕራብ ተነስቷል።

በሩ ተከፈተና ሚስስ ዶድስ ቅርጫት ተሸክማ ወጣች። ሰኞ ነዋ። በእኛ አገር ሰኞ ልብስ የማታሰጣ ሴት ወይ ታማለች ወይ ሞታለች። ቀኑን ለመምረጥ ጠቢብ የሆነው ሲሪል፣ በሕይወቱ ልብስ አስጥቶ ስለማያውቅ፣ ይህን ረስቶታል። ሚስስ ዶድስ አራት ነጭ አንሶላ ጓሮው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅላ ገባች።

ስድስተኛዋ ጥንቸል በዚያን ጊዜ ወጣች። በዳገቱ አግድም ወደ ጓሮው ስትሮጥ ዱክ ጭራዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ አፉን ከፍቷል። ነፋሱ አንሶላዎቹን ሞላቸውና አራቱም ባንድ ጊዜ ተውለበለቡ። ዱክ ቀና አለ።

ለአራት ዓመት አንገቱን ይዤ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ።

ጥንቸሏን ትቷት አለፈ። አጠገቧ ነው ያለፈው፣ ቀደማት። ከመሬት ተነስቶ ዳር ያለው አንሶላ ላይ በጥርሱ ተንጠለጠለ፣ እግሮቹ አየር ላይ፣ ዋንጫ ሲጠብቅ እንደሚሆነው ዓይኑን ጨፍኖ። ጥንቸሏ ራሷ ቆም ብላ ዞራ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እሾሁ ተመለሰች።

ሲሪል ተጣራ። ዱክ ስሙን የሚያውቀው ለወግ ያህል ነው። ሲሪል ሲጨንቀው ከኪሱ ያችን ነጭ ፎጣ አውጥቶ አውለበለበ፤ ዱክ በርሮ መጣለት፣ የአንሶላውን ግማሽ አፉ ውስጥ ይዞ። ፎጣውን ኪሱ ሲከት ወደ አንሶላው ተመለሰ። ፎጣውን ሲያወጣ መጣ። ሲከት ሄደ። ሜጀር ጥንቸል እያስወጣ በላያቸው ላይ ያጓራል፣ ጥንቸል በግራም በቀኝም ያልፋል፣ ሲሪል ግን ፎጣ ያወጣል ፎጣ ይከታል። ሰዓቱ ሲያልቅ የሲሪል ቁጥር ያው አምስት ነው።

"ነፋሱ ነው እንጂ ያሸነፈኝ እሷ አይደለችም" አለ ሲሪል ላብ በላብ ሆኖ። "አንሶላ እየተውለበለበ የትኛው ዊፔት ነው የሚሠራው? እስቲ የሷ ትሞክር።"

ሚስስ ዶድስ ወጥታ የተቀደደውን አንሶላ ሰብስባ ቀሪዎቹን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ፣ ሂልዳ ከባልዲው ተነሳች።

"ይቆዩ እሜቴ፣ አያንሱት" አለች። "ልብሱ እንዳለ ይሁን።"

"የእናቴ አንሶላ ነው" አለች ሚስስ ዶድስ።

"አውቃለሁ። ፍሎ ጫፉን ከነካች ፈቃዱን ለሲሪል ይስጡት።"

ይህን ስትል ሚስተር ዶድስ እንኳ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። በሰባት ለአምስት ያሸነፈች ሴት፣ ያሸነፈችውን መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ኒፐርን ከጓሮው በላይ ካለው እሾህ አስገባችው። ፍሎ እግሯን አንስታ ቆመች። አንሶላዎቹ ጆሮዋ አጠገብ እንደ ጅራፍ ይጮሃሉ። ኒፐር አንዴ ጮኸ፤ ጥንቸሏ ወጣችና ቀጥታ በልብሱ መሀል ገባች፣ በመጀመሪያው ሥር፣ በሁለተኛው ዙሪያ። ፍሎ ሆዷ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ አለች። ከአንሶላው ማዶ ለትንሽ ጊዜ አላየናትም። ከዚያ በሦስተኛው ሥር ጆሮዋ ወጣ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፣ በአፏ ጥንቸል ይዛለች።

ሚስስ ዶድስ መነጽሯን አድርጋ የሦስቱንም አንሶላ ጠርዝ በጣቷ እየያዘች አየች። ጭቃ የለም። "የዚህች ውሻ ጠባይ ከባሌ ይሻላል" ብላ ገባች።

"መቼ ነው ያስተማርሻት?" አለ ሲሪል።

"አላስተማርኳትም። ያደገችው ጓሮዬ ውስጥ ልብስ ሥር ነው፤ ሰኞ ሰኞ ጥላው ሥር ትተኛለች። ቀኑን የመረጥከው ደግሞ አንተ ነህ ወንድሜ።"

ሚስተር ዶድስ ፒፓውን አፉ ላይ መለሰና ለሂልዳ ራሱን ነቀነቀላት። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ለአይዛክ እንደነቀነቀው ነው፤ አንዴ፣ ወደ ታች። ቀጥሎ ትንሽ አሰበና ባርኔጣውን አወለቀ። ያኔ ለአይዛክ ባርኔጣውን አላወለቀም ነበር።

ሂልዳ ሁለት ጥንቸል አጸዳድታ አባቷ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የሚስስ ዶድስ ወጥ ቤት በር ላይ ሰቀለች። የእርሻውን በር ራሷ ዘጋች፣ ሰንሰለቱን ራሷ መለሰች፤ ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚዘጋው። ኒፐር ከፊት፣ ፍሎ ከኋላ ሆነው መንደሩ መሀል ስታልፍ፣ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች በሙሉ መቆንጠጫ በአፋቸው እንደያዙ ቆመው አዩአት። ወሬው ከሷ ቀድሞ ደርሷል። አንዷ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ። ሂልዳ ወደ ድንቿ የምትሄድ ይመስል ፊቷን አላነሳችም። ጆሮዋ ግን እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር።

በሚያዝያ ፍሎ አምስት ቡችላ ወለደች። ቡችሎቹ ከሳህን መብላት ሲጀምሩ፣ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሜ ሳለሁ ሲሪል ወደ ሂልዳ ቤት ሲሄድ አየሁት። ሰኞ ነበርና የሷን ብርድ ልብስና አንሶላ በግንባሩ እየገፋ ነው በሯ የደረሰው። ኮቱ ሥር የሆነ ነገር ደብቋል። ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት።

ኮቱን ገለጥ አደረገልኝ። የሚስቱ መጥበሻ ነው።