በግ የበላው የፈረንጅ አደይ

ልጄ ቆቃ አካባቢ አበባ እርሻ ትሠራለች። አንድ ጊዜ ለእረፍት ስትመጣ በጥቁር ላስቲክ የተተከለ ቢጫ አበባ ይዛልኝ መጣች። ስሙ ክሪሳንተመም ነው አለችኝ። አፌ አልለመደውምና እኔ የፈረንጅ አደይ አልኩት። አፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተክዬ ደጃፌ ላይ ባስቀምጠው፣ የግቢው ሰው ሁሉ ሲያደንቀው ከረመ።

ከዚያ ደረቀ። አበባው ጠቆረ፣ ግንዱም እንደ ጭራሮ ሆነ። ሁሉም ጣይው አለኝ። እኔ ግን ያበበልኝን ነገር ደከመ ብዬ አልጥልም። የኔም አበባ ካለቀ ቆይቷል፤ ማንም አልጣለኝም።

ጠቡ የመጣው በዓረፋ ሰሞን ነው። ጎረቤቴ በግ ገዝታ ግቢ ውስጥ አሰረች። ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ስታመም ሾርባ የምታመጣልኝ፣ ልጆቿን ለኔ ትታ ገበያ የምትሄድ ሴት ናት። በጉ ገመዱን ፈትቶ የፈረንጅ አደዬን እስከ አፈሩ ድረስ ጋጠው።

“በግሽ ያደረገውን ነይ እዪ!” አልኳት።

“ውይ እማማ! ወላሂ አጥብቄ ነው ያሰርኩት። ግን እኮ የሞተ ነበር።”

“ሞቷል ያለሽ ማነው? ሐኪም ነሽ?”

አልለቀቅኳትም። ከግቢያችን ጥግ የሚኖሩትን የባቡር ጡረተኛ እንዲዳኙን ጠራኋቸው። ወንበራቸውን አወጡ፣ ሁለታችንንም ሰሙ፣ ጉቶውን አዩ። “ባለበጓ ካጠራቀመችው ውሃ ዐሥራ አምስት ቀን በየጠዋቱ ታጠጣ” ብለው ፈረዱ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አጠረ። በየጠዋቱ በጆግ አምጥታ ታፈስና “አጠጥቻለሁ” ብላኝ ትገባለች። ሳቋ ቀረ። እኔም ፍርድ ፍርድ ነው እያልኩ አንገቴን አቀናሁ።

ቅጣቱ ባለቀ ሰሞን ልጄ መጣች። ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን አየች።

“እማዬ፣ ማን አስተማረሽ?”

“ምኑን?”

“አቆራረጡን ነዋ! አበባው ሲያልቅ እንዲህ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ፣ ከዚያ ውሃ ሳያቋርጡ መጠበቅ ነው። እዪው፣ ከሥሩ አቆጥቁጧል።”

አየሁ። በጉቶው ዙሪያ ለስላሳ ቡቃያ አፈሩን ገፍቶ ወጥቷል። በጉ ባለሙያ የሚሠራውን ሠርቶልኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ባለቤቱን አስቀጥቻለሁ።

ይህን የምናውቀው እኔና ልጄ ብቻ ነን። “ተይው በቃ፣ አልፏል” አለችኝ። በሰው ላይ ሲሆን ጮኼ፣ በራሴ ላይ ሲሆን ዝም ልል ነው? ተነሥቼ ሽማግሌውን እንደገና አስወጣኋቸውና ጎረቤቴን ጠራኋት።

“ደግሞ ምን አጠፋሁ?” አለች ከበሯ ሳትወጣ።

“ምንም አላጠፋሽ። እኔ ነኝ የበደልኩሽ” አልኩና ልጄ ያለችውን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

ቡቃያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “እማማ! በጉን ከተበላ በኋላ ነው እንዴ ነፃ የሚለቁት?”

ሽማግሌውም ሳቁና “ታረቁ፣ አለቀ” አሉ። አላለቀም አልኳቸው። ልጄ ከቡቃያው ግማሹን ከነሥሩ ለይታ ለጎረቤቴ በሌላ ጀሪካን ተከለችላት። ቅጣቴን ግን ራሴ ጠየቅሁ፤ ዐሥራ አምስት ቀን ከራሴ ውሃ የሷን ላጠጣ። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ “ቶሌ፣ እንዳሉት ይሁን” አሉ።

አሁን በየጠዋቱ ጆጌን ይዤ በሯ ድረስ እሄዳለሁ።

“እማማ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል እኮ። ይቅር ብያለሁ፣ ይተዉት።”

“ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ገና ስድስት ቀን ይቀረኛል።”

ዛሬ ጆጉን ከእጄ ልትነጥቀኝ ስትታገል ግማሹ ውሃ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ተመልሼ ሞልቼ መጣሁ።