የምንዳዬ ምልክት

ባሌ ምንዳዬ ሰው አያምንም። ሸሚዙን ለልብስ አጣቢ ሲሰጥ ቁልፎቹን ቆጥሮ ነው፤ ሥጋ ስንገዛ ዓይኑ ከሚዛኑ ላይ አይነቀልም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት እንደ ጸሎት ይደጋግማታል። ካርቱም፣ ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ከሱ ጋር ስኖር ብዙ ታግሻለሁ። ኮምፒውተሩ ከመጣ በኋላ ግን ባሰበት።

ምንዳዬ አንድ ቢሮ ውስጥ ጋፊር ነው፤ ዘበኛ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. ቢሮው አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ አለቃውን፣ ሙዲሩን፣ አስፈቅዶ አንድ ኮምፒውተር በራክሻ፣ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ሰው ሁሉ ፔንቲየም በሚልበት ዘመን የሱ ፎር ኤይቲ ሲክስ የሚባል፣ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነ ሳጥን ነበር።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት።

«አሳድገዋለሁ» አለኝ፣ ልጅ ይመስል።

እውነትም አሳደገው። ዓርብ ዓርብ ሱቅ ዐረቢ ገበያ እየሄደ ከተቆለለ ውራጅ መሀል ዲስክ ለቅሞ ይመጣል፣ የድምፅ ካርድ ይቀይራል። ከሁሉ የሚሳሳላቸው ግን ጣት የሚያካክሉ አራት ሜሞሪዎቹን ነበር። ማሽኑ ሲከፈት ሜሞሪውን በጥቁሩ መስኮት ላይ ይቆጥራል፤ ምንዳዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ ሲወጣ ያያል። ሌላ የሚሠራበት ነገር አልነበረውም። ያን ጊዜ ፊቱን ማየት ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም።

ይህን ሁሉ ያስተማረው ኑርሁሴን ነው። ኑርሁሴን ጎረቤታችን፣ የወሎ ልጅ፣ ሱቅ ዐረቢ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር። ሚስቱ ሉጥፊያ ደግሞ የኔ ወዳጅ። አንድ ቀን ማሽኑ አልነሳ ሲል ምንዳዬ ተሸክሞ ወሰደለት። በሁለተኛው ቀን ተሠርቶ ተመለሰ፤ ምንዳዬ ክዳኑን ሳይገጥም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ወደ ሥራው ሮጠ።

ያን ቀን ከሰዓት ሃቡብ የሚሉት የአሸዋ አውሎ ነፋስ ተነሳ፤ ክፍሉ በአቧራ ተሞላ። ማሽኑ ሆዱ ተከፍቶ አፈር ሲጠጣ ባየው አሳዘነኝ። እንዳልነካው ታዝዣለሁ፤ ቢሆንም እርጥብ ጨርቅ ይዤ ውስጡን ቀስ እያልኩ ጠረግሁት። ሜሞሪዎቹ ላይ ቀላ ያለ ነገር ደርቆ ተለጥፎ ስላገኘሁ የሱቅ ቆሻሻ ነው ብዬ በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁት። ቁጣውን ፈርቼም ምንም ሳልናገር ቀረሁ።

በማግስቱ ምንዳዬ መጥቶ በባትሪ ውስጡን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሜሞሪዎቼ ተቀይረዋል!»

«በምን አወቅህ?»

«ምልክት አለኝ።»

«ምን ዓይነት ምልክት?»

«ምልክት ለሰው ይነገራል?»

ማሽኑን ሲከፍተው ቁጥሩ እንደ ድሮው ነው። «ቁጥሩማ ያው ነው፤ ኑርሁሴን ጥሩዎቹን ወስዶ ያረጁትን ተክቶልኝ ነው» አለ። እኔም አመንኩት።

ጥገና ቤቱ ሄዶ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ «ሐራሚ! ሌባ!» ብሎ ጮኸበት። ኑርሁሴን «ዋላሂ ምንዳ፣ ፓወሩን እንጂ ሌላውን አልነካሁም» ብሎ ቢምልም የሚሰማው አላገኘ። የጥገና ቤቱ ባለቤት «ኻላስ፣ በቃ» ብሎ በዚያው ቀን አሰናበተው። ሌባ የተባለን ሰው ማን ማሽኑን ከፍቶ ይሰጠዋል? ከሉጥፊያ ጋር ኪራይ ወዳነሰበት ሰፈር ወደ ካላክላ ወረዱ። ሳይሄዱ በፊት ሉጥፊያ መንገድ ላይ ሰላም ስትለኝ ሻርፔን ስቤ አልፌያታለሁ። ሳስታውሰው አሁንም አፍራለሁ።

ወር ሳይሞላ ለጎረቤት ሠርግ ሂና እየበጠበጥኩ ሳለ ምንዳዬ ከበላዬ ቆሞ ሳቀ።

«ምልክቴ እኮ እሷ ናት» አለኝ። «ካንቺው ሳህን ወስጄ በክብሪት እንጨት አራቱም ላይ ነጥብ አድርጌ ነበር። ሂና አይለቅማ!»

ሳህኑን አስቀመጥኩ።

«አንተ ሰው! ሂና የማይለቀው ከገላ ላይ ነው እንጂ ከዕቃ ላይ ነው?» ብዬ የጠረግሁትን ሁሉ ነገርኩት።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኑርሁሴን ነው የላከሽ?»

ደሜ ፈላ። ከውራጁ ውስጥ አንድ የተጣለ ሜሞሪ አንስቼ ፊት ለፊቱ በሂና ነጥብ አደረግሁበት፤ እስኪደርቅ ጠብቀን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩት። ምንም አልቀረበትም። ምንዳዬ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«መንካትሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ምልክትህን ለምን ደበቅኸኝ?»

«አንቺም ምናልባት...» ብሎ አቆመ። እኔንም ጠርጥሮኝ ኖሯል። አለቀስኩ፤ ግን የማለቅሰው ለራሴ ይሁን ለኑርሁሴን አላውቅም።

በማግስቱ ምንዳዬ ጥገና ቤቱ ሄዶ እውነቱን ተናገረ። ባለቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ ብሎ መለሰው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ለኛ ነው። የሰፈራችንን ሽማግሌ ጋሽ አያሌውን ይዘን ካላክላ ወረድን። ኑርሁሴን ከቀን ሥራ ሲመለስ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ሆኖ አገኘነው። ምንዳዬ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ብድግ አድርጎ ሳመው።

«ኻላስ ምንዳ፣ አላህ ይቅር ይበለን። ሰው ይሳሳታል።»

በሚቀጥለው ዓርብ ከሉጥፊያ ጋር ቤታችን መጡ። ሥጋ እንዳይለያየን ዓሣ ጠበስኩ። ከምሳ በኋላ ኑርሁሴን ማሽኑን ከፍቶ የሚንጫጫውን ማራገቢያ አስተካከለለት፤ ሁለቱም አልጋው ላይ ተቀምጠው ቁጥሩ ሲወጣ እያዩ ሳቁ። ሉጥፊያም ሳመችኝ። እፎይ፣ አለፈ አልኩ።

ሊሄዱ ሲነሱ ኑርሁሴን በሩ ላይ ቆመ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ፈገግ እንዳለ፣ የሱሪውን ሁለት ኪሶች ወደ ውጭ ገልብጦ ለምንዳዬ አሳየው።

«ያላ፣ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ።

አሁንም በመጣ ቁጥር እንዲሁ ያደርጋል። ምንዳዬ «በማርያም ተው» እያለ ይለምነዋል።