የየሲን ቅኝት

ሲራጅ በሕይወቱ ብዙ ነገር ውጧል። ሳክስፎን የሚለውን ቃል ግን እስከ ዛሬ ሊውጠው አልቻለም።

በጎረምሳነቱ «ሰባራ ባቡር» የሚባል ባንድ ነበራቸው፤ ሦስት ጊታር፣ አንድ ድራም፣ አራት የአራዳ ልጆች፣ ሌላ ምንም። በዚያ ዘመን ደግሞ ባንድ ማለት ጡሩምባና ሳክስፎን ማለት ነበር። መድረክ ላይ ሲወጡ ሰዉ «ነፊዎቹ ቀሩ እንዴ?» እያለ በር በሩን ያያል። አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅማ «ሳክስፎን የሌለው ባንድ ሚዜ የሌለው ሙሽራ ነው» ብሎ ከነጊታራቸው ከደጅ መልሷቸዋል። ሲጫወቱ ጨፋሪው ላብ በላብ ይሆናል፤ በነጋታው ስለ ሙዚቃ ሲወራ ግን ስማቸውን የሚያነሳ አይገኝም። የነሱኑ ዜማ ሌሎች ወስደው ሳክስፎን ሲጨምሩበት «አቤት ዜማ!» ተባለ። ይሄ ግፍ ካልሆነ ግፍ ምን ሊሆን ነው?

ባንዱ ተበተነ። ድራም መቺው ግደይም፣ ዘፋኙ ወርቅአፈራሁም ዓመት እየቆጠሩ አለፉ። ከሁሉም ቀድሞ የሄደው ግን የሲን ነበር፤ የዶሮ ማነቂያው የሲን፣ የሲራጅ የነፍስ ጓደኛ። ከተሰበረ የቀንድ ዋንጫ ሞርዶ ባወጣት ትንሽ ቁራጭ ክሩን ሲመታ ጊታሩ ሰው ሰው ይሸት ነበር። ሕመም በሁለት ወር ወሰደው። ሚስቱ ሸፊቃ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የተወለደችው ልጅ ኢክራ ተባለች። ኢክራ አባቷን የምታውቀው በአንዲት ፎቶ ነው።

ሲራጅ ጊታሩን አልጋ ሥር ከቶ ወርቅ ሥራ ተማረ። ቀድሞም አባቱ፣ ከወሎ መጥተው ልብስ ስፌት የከፈቱት ሰውዬ፣ «ክር እንጀራ የሚሆነው በመርፌ ሲገባ ነው» ይሉት ነበር። ይኸው አርባ ዓመት ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት ጓዳ ተቀምጦ ቀለበት ያጠባል፣ ቀለበት ያሰፋል፣ የተበጠሰ ሐብል ይበይዳል። ደንበኞቹ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ትንሽ ቁጡ ሰውዬ መሆኑን እንጂ ሌላውን አያውቁም። ከጎኑ ካለው ኬክ ቤት ድሮ ባንዳቸው የሠራው ዜማ፣ በሌላ ሰው ስም፣ በሳክስፎን ሲመጣበት ግን መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት አማኑ የሚባል ሙዚቃ አሳታሚ መጣ። አርባዎቹን የጀመረ፣ ጢሙን በቅባት የሚያበጥር፣ ሲናገር በሁለት እጁ የሚናገር ሰው ነው።

«ጋሽ ሲራጅ፣ እናንተ እኮ ዘመናችሁን የቀደማችሁ ናችሁ! የሰባራ ባቡርን ምርጥ ሥራዎች በአንድ ሸክላ ላወጣ ነው» አለው።

ሲራጅ «አራቱም እያለን የት ነበራችሁ?» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ደስታው ከንዴቱ በለጠ። ቤቱ ሄዶ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ሲሠራ ከቤት ቤት ይዞት የዞረውን የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ። ውስጡ የድሮ ሪል ቴፕ አለ፤ ሣጥኑ ላይ በየሲን የእጅ ጽሑፍ «መጀመሪያ ቅኝት፣ ከዚያ ቁልቁለት» ይላል።

«ቁልቁለት» ከዘፈኖቻቸው ሁሉ የተወደደው ነው። የሲን ብቻውን በሃምሳ ሴኮንድ ጊታር ይከፍተዋል። አከፋፈቱ ተንኮል ነበረበት። አንዱን ክር መታ ያደርጋል፣ ቁልፉን ጠምዘዝ፣ ሌላውን መታ፣ ደግሞ ጠምዘዝ። ሰዉ ጊታር እየቃኘ ነው ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ከዚያ መካከል ዜማው ቀስ ብሎ ብቅ ይላል፤ ወሬኛው ሳያውቀው አፉን ይዘጋል። የሲን ይሄን ጨዋታ «ቅኝት» ይለው ነበር፤ «ሰዉን ነው የምቃኘው እንጂ ጊታሩንማ ቤቴ ቃኝቼው ነው የመጣሁት» እያለ ይስቃል። ያኔ ካሴት ያሳተመላቸው ነጋዴ ግን «ሕዝቡ የሚገዛው ዘፈን ነው» ብሎ መግቢያውን ቆርጦ አወጣው። የቀረው እዚህ ሪል ላይ ብቻ ነው፤ ሪሉን የሚያጫውት መሣሪያ ደግሞ ሲራጅ ኖሮት አያውቅም።

ሪሉን ከነሣጥኑ ለአማኑ የሰጠ ዕለት ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርዶ ኢክራ የምትሠራበት ቢሮ ሄደ።

«ኢክራ፣ ዘንድሮ የአባትሽን እጅ ትሰሚያለሽ» አላት።

«ወላሂ ጋሼ?»

«ወላሂ!»

አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴትዮ ናት፤ ጠረጴዛዋ ጋ እንደተቀመጠች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሲራጅ በሆነ ባልሆነው የሚምል ሰው አይደለም። ወላሂ ካለ አለ ነው።

ለምረቃው አራት ቀን ሲቀረው አማኑ ጠራው። ሸክላው ታትሞ መጥቷል፤ ሽፋኑ ያምራል፤ የአራቱም ስም በትልቁ ተጽፏል። አማኑ መርፌውን «ቁልቁለት» ላይ አሳረፈ። ሲራጅ ዓይኑን ጨፍኖ የየሲንን የመጀመሪያ ክር ጠበቀ። የመጣው የወርቅአፈራሁ ድምፅ ነው።

«መግቢያውስ?»

«የቱ መግቢያ?»

«የየሲን ነዋ! ጊታር ብቻውን!»

አማኑ ግራ ገባው። «እ... እሱን ነው? ሪሉ መጀመሪያው ላይ ሻግቶ እየተጣበቀ አስቸገረን። ሣጥኑ ደግሞ ቅኝት ይላል። ትንሽ ሰማነው፤ እውነትም ጊታር ሲቃኝ ነው። ቆርጠን ጣልነው።»

«ሳትገለብጡት?»

«መቃኛ ማን ይገለብጣል ጋሽ ሲራጅ?»

«የት ነው የጣላችሁት?»

«ቆሻሻ ውስጥ። ስድስት ወር ሆነው እኮ።»

ሲራጅ ተነሳ። «አንተ አሳታሚ አይደለህም! ፀጉር ቆራጭ ነህ! ያ ነጋዴስ ንቆን ነው የቆረጠው፤ አንተ ወደድኳችሁ ብለህ ትቆርጣለህ? መጠየቅ ምን ያስከፍልሃል? እዚህ ነኝ፣ ፒያሳ፣ አልሞትኩም! ደውለህ ጋሽ ሲራጅ ይሄ ምንድነው አትለኝም?»

አማኑ ይቅርታ ጠየቀ፤ እጆቹም አልተነሱም። ቆይቶ፣ ቅዳሜ ምረቃው ላይ ለዕለቱ ከቀጠረው ዘፋኝ ጋር «ቁልቁለት»ን እንዲጫወትለት ለመነው። ሲራጅ «ሞቼ ነው!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ።

እውነቱን ነው። የሰው እጅ እኮ ነው የጣሉት። አፈር የበላውን ጣት አንዴ ካሴት ነጋዴ፣ አንዴ አድናቂ እየተቀባበሉ ሲቆርጡት ዝም የሚባለው እስከ መቼ ነው?

ቤቱ እንደገባ ስልኩ ጮኸ። ኢክራ ናት። «ጋሼ፣ ቅዳሜ እማዬንም ይዣት እመጣለሁ። ከሰማች ጀምሮ ልብስ ስትመርጥ ነው የምትውለው» አለችው። ሊነግራት ፈልጎ ተወውና «ከፊት ተቀመጡ» ብቻ ብሎ ዘጋው።

አልጋው ሥር ተንበርክኮ ጊታሩን ጎተተ። አዲስ ክር ገዛ፤ ለአማኑም «ቅዳሜ እጫወታለሁ» ብሎ ላከበት። የየሲንን የቀንድ ቁራጭ ከወርቅ መሥሪያ ሣጥኑ አወጣት፤ እዚያ ከሽቦና ከሞረድ ጋር ስትኖር አንድም ቀን አልተነካችም። ያን ሃምሳ ሴኮንድ ሲራጅ በሕይወቱ ተጫውቶት አያውቅም፤ የሲን በሕይወት እያለ ድፍረት ነበር፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ከድፍረትም የባሰ መሰለው። አሁን ግን ከሱ ጆሮ በቀር ሌላ ማስቀመጫ የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ አልገባም። መዶሻ ያወፈራቸው ጣቶቹ ተላጡ። አንዷን ቦታ፣ ዜማው ብቅ የሚልባትን፣ መቶ ጊዜ ሳታት፤ ዓርብ ከጁምዓ መልስ አገኛት።

ቅዳሜ ከሰዓት ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከአርባ ዓመት በኋላ ሁሉም የሰባራ ባቡር ወዳጅ ሆኗል። አንዱ ተናጋሪ ተነስቶ «ጡሩምባና ሳክስፎን አያስፈልጋቸውም ነበር!» ሲል ሲራጅ ከት ብሎ ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ሰውየው ያኔ ነፊዎቹን በር በሩን እያዩ ይጠብቁ ከነበሩት አንዱ እንደነበር አልረሳም። ከፊት ወንበር ላይ ሸፊቃና ኢክራ ተቀምጠዋል። ሸፊቃ አዲስ ሻርፕ አስራለች።

ሲራጅ መድረኩ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ክር መታ፣ ቁልፉን ጠምዘዝ። ሁለተኛውን መታ፣ ጠምዘዝ። ሰዉ ወሬውን ቀጠለ፣ ልክ የሲን እንደሚፈልገው። ዜማው ብቅ ሊል አንድ ክር ሲቀረው የተቀጠረው ዘፋኝ ወደ ማይኩ ጠጋ አለ።

«ጋሽ ሲራጅ ቃኝተው እስኪጨርሱ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ዜማው ጭብጨባው ሥር ተቀበረ።

ሲራጅ እጁን ከክሩ አነሳ። ፊቱ ነደደ። ሦስተኛ መቁረጥ! ጊታሩን ዘፋኙ ራስ ላይ ቢሰብረው በወደደ። ወደ ፊት ወንበር ሲያይ ግን ሸፊቃ የልጇን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። የየሲንን ቅኝት አውቃዋለች። ሲራጅ እንደገና ከመጀመሪያው ክር ጀመረ።

«አሁንስ ተቃኘ ጋሽ ሲራጅ?» አለ ዘፋኙ። ሰዉ ደግሞ ሳቀ።

ሸፊቃ ወንበሯን ተደግፋ ተነሳች። በስብሰባ ላይ ድምፅ አሰምታ የማታውቅ ሴት ናት።

«ዝም በሉ!» አለች። «ልጄ አባቷን እየሰማች ነው!»

ዘፋኙ ከማይኩ ራቀ። ግድግዳ ተደግፎ የቆመው አማኑ ሁለቱንም እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሲራጅ የቀንዷን ቁራጭ በጣቶቹ አስተካክሎ ያዘና ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ክር ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው ማንም አልቆረጠውም።